ሁለቱ ካሜራዎች የታረቁበት ቀን

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። አንተም በር ላይ አትቁም፣ ብርድ ይመታሃል፤ ና ከወንድምህ ጎን። ሰው ሁልጊዜ ያለፈውን ነው የሚያወራው፤ እኔ ዛሬ ገና ያልመጣውን ልንገራችሁ። ያልመጣ ነገር እንዴት ይወራል አትበሉኝ። ደመናውን ያየ ዝናቡን ያወራል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ደሴ ላይ ጋሽ ኬብሮን የሚባል ፎቶ አንሺ ነበረ። ስሙ አይግረማችሁ። ዛሬ እጃቸውን ይዛችሁ መዋዕለ ሕፃናት የምታደርሷቸው ኬብሮኖችና ሶልያናዎች ያኔ ሽበት አውጥተው፣ ጉልበታቸውን እያሹ ነው ከወንበር የሚነሱት። ጋሽ ኬብሮን ሆጤ ሰፈር አንድ ግቢ ነበረችው፤ ቤቱም ፎቶ ቤቱም እሷው ናት። ሚስቱ ኤልዳና ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል አረፈች። ልጅቱን፣ ሐረገወይንን፣ ብቻውን አሳደጋት። ከልጁ ቀጥሎ የሚወደው ካሜራውን ነበር።

ካሜራው ብሌን ነው። በዚያ ዘመን የባለሙያ ካሜራ የሚሠሩ ሁለት ኩባንያዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ብሌንና ፀዳል። ሌሎቹን በልተው ጨርሰው እርስ በርስ ተፋጠጡ። መጀመሪያ ጠባቸው የነጋዴ ጠብ ነበር፤ የኔ ይጠራል፣ የኔ በጨለማ ያያል፣ የኔ አቧራ አይደፍረውም። ኋላ የሁለቱም ካሜራ ከሰው ዐይን በለጠና የሚበላለጡበት ነገር ጠፋ። ያኔ ሰውን መሻማት ጀመሩ። «ይህ ፊት የኛ ነው» አሉ።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰው በአንዱ ካሜራ ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ቤተኛ ይባላል። ቤተኛ በራሱ ካሜራ ሲነሳ ከነሽፋሽፍቱ ይወጣል። በተቀናቃኙ ካሜራ ሲነሳ ግን አይወጣም። ካሜራው እንዳላየ ያልፈዋል፤ ቦታውንም ባዶ አይተወውም፣ ከግራና ከቀኝ ካለው ነገር ተበድሮ ይሞላዋል። መጋረጃ አጠገብ የቆመ መጋረጃ ይሆናል። አበባ አጠገብ የተቀመጠ አበባ ይሆናል። በየቤቱ አልበም ሲገለጥ «ይቺ ቁም ሳጥን ታላቅ አክስቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር» ማለት የተለመደ ሆነ፤ የሚስቅም አልነበረም።

ደሴ የብሌን ሆነች፣ ኮምቦልቻ የፀዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ከመንገዱ ዳር «ፊትዎ እዚህ ላይ ያበቃል፤ መልካም ጉዞ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ሰው ጠዋት ፊቱን ከታጠበ በኋላ መስኮት ላይ ቆሞ የፊቱን ምዝገባ ያሳድሳል፤ ያላሳደሰ ከፎቶው ላይ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ይህ ሁሉ ከቁርስ በፊት ነው።

ለምን በስልክ አይነሱም ትሉኝ ይሆናል። የስልክ ፎቶማ ከሞተ ቆይቷል። ማንም ተነስቶ ማንንም አንበሳ ላይ አስቀምጦ የሚያወጣበት ጊዜ መጣና፣ የስልክ ፎቶ አይቶ የሚያምን ጠፋ። የሚታመነው ማኅተም ያለበት ፎቶ ብቻ ነው፤ ማኅተሙን የሚያትሙት ደግሞ እነዚህ ሁለት ካሜራዎች ናቸው። ተወለደ የሚባለው በፎቶ፣ ሞተ የሚባለውም በፎቶ። ሙሽሪትና ሙሽራው በአንድ ፎቶ ላይ ጎን ለጎን ካልታዩ መዝጋቢው ጋብቻቸውን አይጽፍም። ያልተጻፈ ባልና ሚስት ደግሞ ቤት የሚያከራየው የለም፤ ልጅ ቢወልዱም አባት የሌለው ይባላል።

ሐረገወይን የኮምቦልቻ ልጅ ወደደች።

ልጁ ይመር ይባላል። ሥራው ጭነት መኪና ላይ ነው። መኪናው ራሱን ነው የሚነዳው፤ የይመር ሥራ ከጎኑ ተቀምጦ እንዳይሰለቸው ማጫወት ነው። ጨዋታ አዋቂ ስለሆነ ብዙ መኪናዎች ይፈልጉታል ይባላል። ይመር የላካቸው ሽማግሌዎች በሐረጎ ጉም ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ደሴ ወጡ፤ ፊት ፊት የሚሄዱት ሐጂ ኢምራን ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላስማሙት የእርሻ ድንበር የለም። ጋሽ ኬብሮን እንደ ወጉ አንድ ጊዜ «እናስብበት» ብሎ መለሳቸው፤ ሁለተኛ ሲመጡ እሺ አለ። ሠርጉ ለእሑድ ተቆረጠ።

ጋሽ ኬብሮን ልቡ አላርፍ ቢለው ሁለቱን ቀደም ብሎ ግቢው ውስጥ አቁሞ ሞከራቸው። ብሌን እንደ ሁልጊዜው በትሕትና ተናገረ።

«ሙሽሪት ትንሽ ቀና። በጣም ጥሩ። ጌታዬ፣ ከሙሽሪት በስተቀኝ ያለው ቁጥቋጦ ቢከረከም መልካም ነው። ክራቫት አብቅሏል።»

«ቁጥቋጦ አይደለም፤ ሙሽራው ነው» አለ ጋሽ ኬብሮን።

«እንኳን ደስ አለው። ይከርከም።»

ይመር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሐረገወይን አልሳቀችም።

በማግሥቱ የይመር አክስት ወይዘሮ ሶልያና ኮምቦልቻ ላይ ሞከረች። እሷም ፎቶ አንሺ ናት፣ የፀዳል። ምላሷ ስለት ነው። ፀዳል ይመርን አሳምሮ አወጣው፤ ሐረገወይንን ግን አጥር አደረጋት። ሶልያና ፎቶውን ለጋሽ ኬብሮን ላከችለት፤ ከሥሩ «ልጃችን የቆርቆሮ አጥር አግብቷል፤ ጥሎሹን ለማን እንስጥ?» ብላ ጻፈችበት።

ወሬው ሲሰማ የብሌን ወኪል መጣ። ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ ጨዋ፣ ጥርሱ ነጭ የሆነ ወጣት ነው። ቡናውን አመስግኖ ተቀበለና እንዲህ አለ፤

«መፍትሔው ቀላል ነው። ሙሽራው ወደኛ ይሻገር።»

«መኪናውስ? የሚያውቀው በፀዳል ፊቱ ነው» አለ ጋሽ ኬብሮን። «ከተሻገረ አያስገባውም። መኪናውም ያለሱ ይከፋዋል አሉ።»

«እንግዲያው ሙሽሪት ትሻገር። ፀዳሎች በደስታ ይቀበሏታል። ለኛ ሐዘን ነው፣ ግን ሕጉ ሕግ ነው። የተሻገረ ሰው ከብሌን ፎቶዎች ሁሉ ይጸዳል፤ የድሮዎቹም ጭምር።»

ጋሽ ኬብሮን ተነስቶ ከግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አውርዶ ወኪሉ ጉልበት ላይ አስቀመጠ። ኤልዳና ናት፤ የሳምንታት ዕድሜ ያላትን ሐረገወይንን ታቅፋለች። እናትና ልጅ አብረው የተነሱት ይህን ብቻ ነው። እሱው ነው ያነሳው፣ በብሌን።

«ይኼም?» አለ።

ወኪሉ ፎቶውን በአክብሮት አየው። «ይኼም። ግን እናትየው እጅ ላይ ምን እንደሚተካ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ብዙ ሰው ትራስ ይመርጣል። ዱባም አለን፤ ክብደቱ ለክንድ ልክ ይመጣል።»

«ልጄ እኮ ናት።»

«ለዚህ እኮ ነው ምርጫ የምንሰጠው» አለ ወኪሉ፤ ቀዝቃዛ አልነበረም፣ በእውነት ያዘነ ይመስል ነበር።

ወኪሉ ሲሄድ ሐረገወይን አባቷ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ልሻገር። እማዬን በልቤ አውቃታለሁ።»

«አታውቂያትም፣ ልጄ። የምታውቂያት በዚህ ነው። እንዴት አድርጋ ትይዝሽ እንደነበር እኔ ብነግርሽ ወሬ ነው። ይኼ ግን ክንዷ ነው።»

«ታዲያ ይመርን ልተወው?»

«እንደዚያ አልኩሽ?»

ሠርጉ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ዘመድ በየአቅጣጫው ተጠርቷል። ልጁን ለመዳር የእናቷን እቅፍ ማጥፋት ሊኖርበት ነው። ሌላ መንገድ አልታየውም።

ነገሩን ሐጂ ኢምራን ሰሙ። ቅዳሜ በማለዳ ከሁለቱ ጓደኞቻቸው ጋር እንደገና ሐረጎን ወጡና ጋሽ ኬብሮን ደጅ ቆሙ።

«አብሽር፣ ኬብሮን» አሉት። «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ ከይመር ቤተሰብ ጋር ተጣልተሃል?»

«አልተጣላሁም፣ ሐጂ።»

«ልጅቱ ከልጁ ጋር ተጣልታለች?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ የተጣላው ማን ነው?»

ጋሽ ኬብሮን ወደ ካሜራው ጠቆመ። «እነሱ ናቸዋ።»

«በል ጥራልኝ። የልጁንም አክስት ከነፀዳሏ ከኮምቦልቻ ጥራልኝ። የተጣላ ይታረቃል፤ እኛ ሌላ ሥራ አለን እንዴ?»

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የተማረ ሰው ቢኖር ኖሮ ካሜራ አይታረቅም ይላቸው ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ ኖረው፣ የሚናገር ነገር ሁሉ የሚታረቅ ነው የሚመስላቸው። ስሕተት ነው። ግን የነሱ ስሕተት ነው።

ሶልያና ፀዳሏን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። «ኬብሮን፣ ጉም የበላው ካሜራህ አሁንም ያያል?» አለችው ገና በሩን ሳታልፍ።

«ያንቺ በኮምቦልቻ ሙቀት አልቀለጠም እንዴ? እኔ ሻማ ይሆናል ብዬ ነበር።»

«አንተስ ሙሽራ ትከረክማለህ አሉ።»

«በቃ፣ በቃ» አሉ ሐጂ። «የናንተ ሌላ ቀን ነው።»

እርቅ የሚቀመጡት ዋርካ ሥር ነበር፤ ግቢው ውስጥ ግን ዋርካ የለም፤ እሱም ዛፍ ነው ተብሎ በፕለም ጥላ ሥር ሁለት በርጩማ ተቀመጠ። ካሜራዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ሰፈሩ፤ ሐጂ መረቁ፤ ሁሉም አሜን አለ። ካሜራዎቹም አሜን አሉ፤ ትሕትና ተሞልተው ነው የተሠሩት።

«በሉ ታላቅየው ይጀምር» አሉ ሐጂ።

«እኔ ከሱ አዲስ ነኝ» አለ ብሌን።

«አዲሱስ እኔ ነኝ» አለ ፀዳል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታላቅ አይደለሁም ብሎ የሚከራከር ባለጉዳይ ገጥሟቸው አያውቅም። ከሦስቱ አንዱ «ታላቅ የሌለው ጠብ መቼም አያልቅ» ብለው አጉረመረሙ።

«እንግዲያው አንተ ጀምር» አሉ ሐጂ ወደ ብሌን። «ይህ ወንድምህ ምን በደለህ?»

«ወንድም አላየሁም፣ አባቴ። ከፊቴ ያለው ትልቅ የአበባ ማሰሮ ነው። ከማሰሮ ጋር ጠብ የለኝም።»

ፀዳል ድምፁን ጠረገ፤ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ነው ያለው። «እኔም የሚታየኝ በርጩማ ላይ የተቀመጠ በርጩማ ነው። በርጩማ ሲናገር ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ማሰሮውስ መናገሩ!»

«በርጩማው ተቆጣ።»

ነገሩ እንዲህ እንዲህ እያለ ረፋዱን ጨረሰ። የድንጋይ ካሳ ተጠየቀ፤ በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በለኝ ይላል፣ ወግ ነው። ሐጂ ጠጠር አንስተው በካሜራ ማንጠልጠያ ላይ ሊያስሩ ሲሉ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ ተጨማሪ ክብደት በማንጠልጠያቸው ላይ እንደማይፈቀድ፣ ቢታሰርባቸው ኩባንያው ኃላፊነት እንደማይወስድ አስታወቁ። በዚያ ቀን መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው።

ከዚያ ሐጂ ያው የጥንቱን የሽማግሌ ዘዴ ያዙ። ብሌንን ታቅፈው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱትና ጆሮው የት እንዳለ ስላላወቁ ወደ ሌንሱ ጠጋ ብለው «ያኛው ምን አለኝ መሰለህ፤ በምሽት የጥቁር ሰው ፊት እንደሱ የሚያይ የለም አለኝ» አሉት። ዋሹ። ለእርቅ ሲሆን ሽማግሌ ይዋሻል፤ ይህንን ሰማይም ያውቀዋል።

«ይህ አስተያየት በየትኛውም ማስታወቂያችን ላይ የለም» አለ ብሌን።

«ማስታወቂያ አይደለማ። ወንድምህ ነው ያለው።»

ለፀዳልም እንዲሁ አደረጉ። ሲመለሱ ሁለቱም ካሜራዎች ዝም ብለው ነበር። ሐጂ ዝምታውን እንደ ምን ቆጠሩት? እንደ መስማማት። ሰው ሲሆን ዝምታ መስማማት ነውና።

«በሉ ተሳሳሙ» አሉ።

ጋሽ ኬብሮን ብድግ አለ። «ሐጂ፣ ሌንሱ ይጫራል።»

«እውነቱን ነው» አለች ሶልያና፤ በሕይወቷ ለጋሽ ኬብሮን ስትመሰክር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ያልተሳሳመ እርቅ ያልታሰረ ነዶ ነው» አሉ ሐጂ። «አንሷቸው።»

ጋሽ ኬብሮን ወደ ቤቱ ተመለከተ። በተከፈተው በር ኤልዳና ግድግዳው ላይ ትታያለች። ሐረገወይን ከበሩ ጥግ ቆማ ጣቶቿን እርስ በርስ አቆላልፋለች። ጋሽ ኬብሮን ብሌንን ከበርጩማው ላይ አነሳው። ሶልያና ፀዳልን አነሳች። ሌንስ ከሌንስ አጋጠሟቸው፣ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ፤ በሦስተኛው ሐጂ «ያዙት፣ ጠበቅ አድርጉ፣ ከልብ ይሁን» ስላሉ ያዟቸው።

ከታች መንገድ ላይ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፍቶ አለፈ።

«ጌታዬ» አለ ብሌን ቀስ ብሎ፤ «መሙያ አጣሁ።»

«የምን መሙያ?»

«እሱን የምሸፍንበት። ከግራ የምበደረው የለም። ከቀኝም የለም። ከላይም ከታችም ያለው እሱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?» አለ ጋሽ ኬብሮን።

«ዐይን ነው መሰለኝ» አለ ብሌን።

«እኔም ዐይን እያየሁ ነው፣ እመቤቴ» አለ ፀዳል። የዜና አንባቢ ድምፁ ጠፍቷል። «ንጹሕ ነው። ከዳር በኩል ትንሽ አቧራ አለበት። ቢጠርጉለት ጥሩ ነው።»

ሶልያና በሻርፗ ጫፍ የብሌንን ሌንስ ጠረገችለት። ማንም አልሳቀም። ሐጂ ኢምራን ብቻ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ማንኛውም ቀን መረቁ፣ ምሳቸውን በሉና ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ፤ ለሳቸው አንድ ሌላ ባልና ሚስት የታረቀ ያህል ነው።

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። ከላይ ደሴ፣ ከታች ኮምቦልቻ፣ ጋቢ የለበሰውና በሸሚዝ የመጣው አንድ ላይ ተቀመጠ። ሙሽሮቹ ከፊት ጎን ለጎን ቆሙ፣ ቤተሰብ ከበባቸው። ሁለቱ ካሜራዎች በየእግራቸው ላይ ተተከሉ።

«ወንድሜ፣ አንተ አንሳቸው» አለ ብሌን።

«በፍጹም። ቤቱ ያንተ ነው፤ አንተ ቅደም» አለ ፀዳል።

«እንግዳ እያለ እኔ?»

«ኧረ በሞቴ።»

«እኔ ልሙት።»

እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይ ከድንኳኑ አናት ወደ ጫፉ ዞረች። እንደ ጥሉ ሁሉ መከባበሩንም የሚያቆሙበት ቦታ አልተሠራላቸውም። አዛውንቶች ተቀመጡ። አንድ ሚዜ እንቅልፍ ወሰደው። ጋሽ ኬብሮን ቢለምን፣ ሶልያና ብትቆጣ፣ አንዱ ከሌላው አልቀድምም አለ። በመጨረሻ ሐረገወይን የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወደ ካሜራዎቹ ሄደች።

«ስሙ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «መዝጋቢው ሲመሽ ይሄዳል። እሱ ከሄደ እኔ ዛሬ አላገባሁም። እባካችሁ አብራችሁ አንሱን።»

አብረው አነሱ።

ፎቶው ሲወጣ ሰው ተጋፋ። ሐረገወይን አለች። ይመር ከጎኗ አለ፣ ከነክራቫቱ። አክስቶች፣ አጎቶች፣ የደሴው፣ የኮምቦልቻው፣ አንድም አልጎደለም። አንዲት ባልቴት ፎቶውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው «ይህን ያህል ሰው ነበርን እንዴ?» አሉ፤ ብዙ ሰው ነበር ለካ፣ ድንኳኑም የጠበበው ለዚህ ኖሯል። መዝጋቢው ሁለቱን ማኅተም አየ፣ ሙሽሮቹን አየ፣ ጻፈ።

ሰኞ ሁለቱ ወኪሎች መጡ፤ በአንድ መኪና። ከዚያ በፊት በአንድ መኪና ሄደው አያውቁም። ካሜራዎቹ የኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ታመዋል፣ ይመለሳሉ አሉ። የተጻፈ ጋብቻ ግን አይፈርስም፣ የፎቶው ማኅተም እውነተኛ ነው፤ ሐረገወይንም አልተሻገረችም። ስለዚህ የሚጸዳ ነገር አልነበረም። ጋሽ ኬብሮን አልተከራከረም። ካሜራውን በእጁ ሲያስረክብ ግን ደንቡ የርክክብ ፎቶ ይጠይቃልና ሁለቱ ወኪሎች ጎን ለጎን ቆሙ፤ ብሌን አነሳቸው።

የብሌኑ ወኪል ፎቶውን ትኩር ብሎ አየው።

«አጭር ነኝ እንዴ?» አለ።

«ትንሽ» አለ የፀዳሉ ወኪል።

«ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሁልጊዜ አጠገቤ መጋረጃ ነው ያለው።»

ካሜራዎቹን ወሰዷቸው። አሁን በሁለት ሳጥን፣ በመካከላቸው ግድግዳ አቁመው አስቀምጠዋቸዋል ይባላል። የቀሩት ካሜራዎች ሁሉ እንደ ድሮው ይሠራሉ፤ ሐረጎ ላይ ያለው ሰሌዳም አልተነሳም። አንድ እርቅ ዓለምን አያስታርቅም፤ እኔ አስታረቀ ብዬ አልዋሻችሁም።

ጋሽ ኬብሮን መኪናው ከዐይኑ እስኪጠፋ ቆሞ አየ። ሥራው ከነካሜራው ሄዷል። ሶልያናም ባዶ እጇን አጠገቡ ቆማለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ ውስጥ ገቡ። ግድግዳው ላይ ኤልዳና ነበረች፤ ልጇን ታቅፋለች፤ ክንዷ ከሕፃኗ አንገት ሥር ገብቷል።

«እንዲህ ነበር የምትይዛት?» አለች ሶልያና፤ ከዚያ በፊት አይታት አታውቅም።

«እንዲህ ነበር» አለ ጋሽ ኬብሮን።

ልጆቼ፣ ያ ዘመን ሲመጣ እኔ አልኖርም፤ እናንተ ትኖራላችሁ። አንድ ቀን ፎቶ ስታዩ፣ ሰው አለበት የምትሉት ቦታ ባዶ ቢመስላችሁ፣ «እዚህ ጋ ማን ነበር የቆመው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ስሙን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ይቺን ብቻ እንዳትረሱብኝ፣ አደራ።